ከቤተሰብም ቢሆን

በፋብሪካችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። «ማለት» ነው የሚሉኝ። ከኋላዬ ነው ታዲያ፤ ፊት ለፊቴማ ማን ደፍሮ! ስሙ የወጣልኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ባንኩ ለአዲሱ የካርቶን ማሽን ያበደረንን ገንዘብ ውል ሦስት ሳምንት ሙሉ በብብቴ ይዤ የዞርኩ ጊዜ። የውሉ የመጀመሪያ አሥራ አንድ ገጾች ትርጓሜ ብቻ ናቸው። «ትርፍ» ማለት እንዲህ ነው፣ «ዕዳ» ማለት እንዲያ ነው፣ «የሥራ ቀን» ማለት ይህ ነው። በሽታው ተጋባብኝና ጥበቃው «ነገ ጠዋት እገባለሁ» ሲለኝ «ጠዋት ማለት ስንት ሰዓት ማለት ነው?» አልኩት። በቃ፣ ማለት ሆኜ ቀረሁ።

ይሳቁ፣ ግድ የለኝም። ሰው የብድር ውል ሲያይ ወለዱን ነው የሚያየው፤ ውል ግን ሰውን የሚይዘው በትርጓሜው ነው። የእኛ ውል ዋናው ግዴታ አንድ መስመር ናት፦ የኩባንያው ዕዳ ከዓመት ትርፉ ከሦስት እጥፍ አይበልጥም። ከበለጠ ባንኩ ያበደረውን በሙሉ፣ ባንድ ጊዜ፣ አምጡ የማለት መብት አለው። ቀላል ትመስላለች አይደል? እስቲ ትርፍ ምንድን ነው? ወለድ ሳይቀነስ ነው ከተቀነሰ በኋላ? ሳይቀነስ ነው ይላል ውሉ። አሮጌውን መኪና ሸጠን ያገኘነውስ? አይቆጠርም፤ የአንድ ጊዜ ገቢ ነው። ዕዳስ? እሱ ላይ እመጣበታለሁ፤ የዚያ ቀን ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

በየሦስት ወሩ ይህን ስሌት ሠርቼ፣ «በውሉ ትርጓሜ መሠረት ትክክል ነው» ብዬ ፈርሜ ለባንኩ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ዋና ሒሳብ ሹሟ። የፋብሪካው ባለቤት ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከወንድም ጋር መሥራት እንዴት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

የዚያን ዕለት የስሌቱ ደብዳቤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ባንክ መድረስ ነበረበት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ቆሜ እሠራለሁ። ቢሮዬ ከማሽኑ ክፍል በላይ ነው፤ በብረት ደረጃ ነው የሚወጣው፣ አንዱ ግድግዳ መስታወት ነው። ማሽኑ ሲሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ብዕር ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁ ብቻዋን ትሄዳለች። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስንቀጠቀጥ ኖሬ አሁን ዝም ያለ ቦታ ሲያስቀምጡኝ ያመኛል። ስሌትም ስሠራ ቁጭ አልልም፤ ቁጥሩን ጽፌ እስከ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ተመልሼ ሌላ ቁጥር።

የባንኩ ቀሪ ብድር አሥራ አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ። ትርፋችን፣ በውሉ ትርጓሜ፣ አራት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ። ሲካፈል ሁለት ነጥብ ስምንት። ከሦስት በታች! እሰይ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ልማድ አለኝ። ከደንበኞች የተቀበልነውን ቀብድ ከትዕዛዝ ወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ካርቶን አዞ ቀብድ የከፈለ ሰው አበዳሪ አይደለም፤ ካርቶኑን ትሰጡታላችሁ፣ አለቀ። ትዕዛዝ የሌለው ቀብድ ግን ቀብድ አይባልም።

ዘጠኝ ቀብድ ነበር። ስምንቱ ትዕዛዝ አላቸው። ዘጠነኛው የለውም። አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሰማንያ ሺህ፣ የዛሬ ሁለት ወር፣ እኔ ዓይኔን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ቤት በተኛሁበት ሳምንት የገባ። የባንክ ገቢ ደረሰኙን ከፋይሉ ጎትቼ አወጣሁ። የአስገቢው ፊርማ ጭራው ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው። ያንን ፊርማ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በውጤት ካርዴ ላይ ሳየው ኖሬያለሁ። የእናቴ ፊርማ ነው።

ተቀመጥኩ።

የእማዬን ገንዘብ ነገር ልንገራችሁ። እማዬ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ስታጥብ፣ ስታጥፍ፣ ስትቆጥር ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ጉልበቷን እዚያ ትታዋለች። በዚህ ዓመት ከአባታችን የቀረላትን ቤት ሸጠች። ጣራው ያፈስሳል፣ ዳገቱም አላስወጣ ብሏታል። አሳቧ ከጤና ጣቢያው አጠገብ፣ መሬት ላይ ያለች፣ ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት መግዛት ነበር። ቤቷ እስክትገኝ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። እኔ ደግሞ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም።

ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ልናይ እንሄዳለን። ባለፉት ሁለት ወራት ግን እማዬን አንድም ቤት አልጥም አላት! አንዱ በሩ ጠባብ ነው። አንዱ ጋር ጎረቤቷ ክፉ ዓይን አላት። አረንጓዴ በር ያላት አንዲት ቤት ነበረች፤ ሁለት ክፍል፣ ፊት ለፊቷ አግዳሚ ወንበር የምታህል በረንዳ። እኔ በደስታ ልሞት! እማዬ ገባች፣ ዞረች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችና «ወጥ ቤቷ ጨለማ ነው» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ተጣላን። «እማዬ ሁለት መስኮት አለው እኮ!» ብላት «ለእኔ ጨለመኝ» አለች። እኔም እርጅና ነው፣ ማማረጥ ልማድ ሆነባት ብዬ ሳማት ሰነበትኩ። ለካስ የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም! ልጇን ላለማጋለጥ ብላ ነው ያንን ሁሉ ቤት ስትኮንን የከረመችው።

እሳት ጎርሼ፣ እሳት ለብሼ ደረጃውን ወረድኩ።

ወንድሜ ከወረቀት ጥቅልሎቹ አጠገብ ቆሞ ከማሽን ሠራተኛው ጋር ያወራል። «ጋሼ! የእማዬ ገንዘብ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት። ማሽኑ ይጮኻል አልሰማሁም ብሎ ጆሮውን አመለከተኝ። ጆሮ የሚያጣው ለደመወዝ ጭማሪና ለእኔ ነው። እጅጌውን ይዤ ወደ መጫኛው በር አወጣሁትና ደረሰኙን አፍንጫው ሥር አደረግሁት።

ደረሰኙን አየ፣ ከዚያ የሚጫነውን መኪና አየ።

«ወረቀት አስመጪው ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አላራግፍም አለ» አለኝ። «ማሽኑ ሊቆም ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ለሦስት ወር ብቻ ነው ያልኳት።»

«ቀብድ ብለህ ለምን አስመዘገብክ?»

«ዕዳ ብለሽ እንዳትጽፊው ነዋ! አላውቅሽም?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! «ዕዳ ነው እኮ ጋሼ። ዕዳ!»

«እናቴ ናት። በእናትና በልጅ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል? የእናት ገንዘብ ዕዳ የሚለው የትኛው ሰው ነው?»

«ውሉ ነው የሚለው። ገጽ አራት። ‹ዕዳ ማለት ኩባንያው ከማንኛውም ሰው፣ ከቤተሰብም ቢሆን፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል፣ ሊመልሰው የተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ነው።›»

«ከቤተሰብም ቢሆን?» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። «ባንክ ስለ ቤተሰቤ ምን አገባው? ማነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ?»

ወደ ደረጃዬ ተመለስኩ። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

በእምነቴ እምላለሁ፣ በቅን ነው ያደረግሁት። ባንኩ መጀመሪያ ያመጣው ረቂቅ «ከማንኛውም አበዳሪ ድርጅት» ነበር የሚለው። እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲቸግረው ግን መጀመሪያ የሚያየው የሚወዱትን ሰዎች ኪስ ነው። የአክስታችንን ወርቅ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ወስዶ በአራት ዓመቱ ነው የመለሰው። ቀጥሎ የእማዬ ቤት እንደሆነ ይታየኝ ነበር። እና ውሉን የያዘውን የባንኩን ወጣት የብድር መኮንን «‹ከቤተሰብም ቢሆን› የሚል ጨምርበት» አልኩት። ልጁ ሳቀ። «በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የራሱን ገመድ የሚያጠብቅ ተበዳሪ ሳይ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» አለኝ። ወንድሜ እንዲያነበው፣ እንዲፈራው ነበር ሐሳቤ። ወንድሜ ግን ውል የሚያነበው ከመጨረሻው ገጽ ነው፤ የፊርማ ቦታውን ፍለጋ።

የእማዬን ገንዘብ ጨምሬ እንደገና አካፈልኩ። ሦስት ነጥብ ሁለት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ለብድር መኮንኑ ደወልኩ። ከመስታወት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስታወት እየተመላለስኩ ነው የማወራው።

«ሦስት ነጥብ ሁለት ብዬ ብልክልህ ምን ይሆናል?»

«በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» አለ። «ግን ደብዳቤው ከእኔ በላይ ነው የሚሄደው። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ደብዳቤ የላከ አንድ ፋብሪካ ነበር፤ አሁን በሩ ታሽጓል። ከየት ነው የመጣው ዕዳ?»

ነገርኩት። እሱም ነገረኝ፤ በውሉ መሠረት አንድ መውጫ አለ። አበዳሪዋ «የባንኩ ብድር ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ገንዘቤን አልጠይቅም» ብላ ከፈረመች ገንዘቡ ከዕዳ ትርጓሜ ይወጣል። ይህንንም አውቀዋለሁ፤ ገጽ አምስት ነው። ከራሴ አፍ እንዳይወጣ ብዬ ነበር የደወልኩለት።

«ብድሩ የሚያልቀው በስድስት ዓመት ነው» አልኩት። «እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ይገባኛል» አለ። ምን ይገባዋል? የእሱ እናት ደህና ቤት ይኖራታል።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር፣ ስዞር፣ እንደገና ደወልኩ። «ስማኝማ። ዕዳው የኩባንያው ባይሆንስ? ወንድሜ በግሉ ‹እኔ ነኝ የምከፍላት› ብሎ ቢፈርምና ገንዘቡ ለፋብሪካው የእሱ መዋጮ ሆኖ ቢመዘገብስ?»

«ኦ» አለ። ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። «እኔ የምቆጥረው የኩባንያውን ዕዳ ነው። ወንድምዎ በግላቸው ያለባቸው አይመለከተኝም። ግን እናትዎ መያዣ ይያዙ፤ ባዶ ቃል እንዳይሆንባቸው።»

ተባረክ! አልኩት። መያዣማ አለ። ወንድሜ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለው፤ ግቢው ውስጥ መኪና ሁለት ጊዜ ይዞራል።

ሁለቱንም ወረቀት ራሴ ተየብኩ። አንደኛው ባንኩ የሚፈልገው፣ እማዬ ስድስት ዓመት የምትጠብቅበት። ሁለተኛው የእኔ፦ ወንድሜ በአንድ ዓመት ውስጥ ይከፍላታል፤ ካልከፈለ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቧ ይመለሳል። ለወንድሜ ሁለተኛውን ሰጠሁት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበ።

«ቤቴን?» አለኝ።

«አዎ፣ ቤትህን።»

«ልጆቼን የት ላድርጋቸው?»

«እማዬን የት አደረግካት? አራተኛ ፎቅ! በቀን አንዴ ለመውጣትና ለመውረድ ሦስት ቦታ ነው የምታርፈው። አንተ አንድ ቀን መጥተህ አይተሃታል?»

ጥቅልል ወረቀት ላይ ተቀመጠ። ስልሳ ሦስት ሠራተኛ ያስተዳድራል፤ እዚያ ላይ ቁጭ ሲል ግን ከቤት የተባረረ ልጅ ነው የመሰለኝ፣ እውነቴን ነው። ዓይኖቹ ቀሉ። «እሺ» አለ። «እሺ፣ እፈርማለሁ። ላምጣት።» አመንኩት። ያን ሰዓት እሱም ራሱን አምኖ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እማዬን ይዟት ሲመጣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በመስታወቱ አየኋት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ በማሽኖቹ መሃል ስትመጣ ሠራተኞቹ መንገድ ይለቁላታል። የብረት ደረጃውን አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ሌላውን አጠገቡ እያሳረፈች ወጣች። ልወርድላት ስል ከታች «ቆይ እዚያው፣ አታስቸኩዪኝ» አለችኝ።

አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። ጠጣች፣ መነጽሯን አወጣች።

«ተደረሰበት አይደል?» አለች።

«ተደርሶበታል» አልኳት። ልቆጣት ነበር፤ አንጀቴን በላችው። «ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ዓይንሽን ታመሽ ነበር። ደግሞ ትጮሃለሽ።»

«እኔ እጮሃለሁ?» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ሳቅ አመለጠው። እማዬም ፈገግ አለች። ለአንድ አፍታ እንደ ድሮው ሦስታችን ብቻ ሆንን፤ ከዚያ ሰዓቱን አየሁት።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩላት። የውሉንም ትርጓሜ አነበብኩላት፤ ለምን ዛሬ፣ ለምን ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ካልሆነ ምን እንደሚመጣ። አንሶላ ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት፤ አንዴ የነገሯት ይበቃታል። «ከቤተሰብም ቢሆን» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ማነው ይሄን ያስገባው? ባንኩ ነው?»

ወንድሜም አየኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ብተወው ይሻል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ጋሼ ቤትሽን እንዳይነካ። አንቺን ልጠብቅሽ ብዬ ነው።»

እማዬ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። የተቆጣች አልመሰለችም።

«ለባንክ ከምትነግሪ ለእኔ ብትነግሪኝ አይሻልም ነበር?» አለች።

ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ባይሆንም በየሳምንቱ አይቻታለሁ፤ «ጋሼ ገንዘብ ከጠየቀሽ እምቢ በይው» ለማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አፍሬ ነው። ወንድሜን ማማት ሆነብኝና አሥራ አንድ ገጽ ውስጥ ደበቅሁት። እሱም በቀብድ ደበቀው፣ እሷም በወጥ ቤት ጨለማ። አንድ ቤተሰብ ነን መቼስ።

«አሁን ይሄኛውን ነው» አልኩና ሁለተኛውን ወረቀት ወደ ወንድሜ ገፋሁት። «ጋሼ፣ ፈርም።»

ማሽኑ ለጽዳት ቆሞ ነበር። ወለሉ ጸጥ ብሏል፤ እኔን ደግሞ ይሄ ነገር ያቁነጠንጠኛል። ወንድሜ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ክዳኑን ነቀለ፣ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ።

«ሚስትህ ታውቃለች?» አለች እማዬ።

ብዕሩ ቆመ። «ማታ እነግራታለሁ።»

«ማታ» አለች እማዬ።

«እነግራታለሁ እማዬ። ይገባታል።»

«ባትከፍል ልጆቹን ከቤት አስወጥቼ ልሸጠው ነው? እኔ?»

«እማዬ፣ ለማስፈራራት ነው እንጂ እንዲያ አይደርስም!» አልኩ። «ወረቀት እኮ ነው! እንዲከፍል የሚያደርገው እሱ ነው!»

«ወረቀት እኮ ነው ትላለች፣ ማለት» አለች። ስሜን ማን እንደነገራት አላውቅም። ከዚያ ሌላኛውን ወረቀት፣ የባንኩን፣ በአንድ ጣቷ ወደ ራሷ ሳበችው።

ዘልዬ በመዳፌ ያዝኩት። «ተይ! እማዬ ተይ! ስድስት ዓመት ነው!»

«ቆጠራ አልረሳሁም።»

«ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆንብሽ!»

«ታች ያሉት ልጆች ስንት ናቸው ያልሽኝ?»

«ስልሳ ሦስት። ግን እሱ ከፈረመም እነሱ ይተርፋሉ! ሁሉም ይተርፋል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ፣ እሱ ብቻ ነው እንቅልፍ የሚያጣው! ይጣ!»

«ልቀቂው» አለች።

ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው። ለቀቅኩት።

ወንድሜን አየሁት። ብዕሩ እጁ ላይ ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ጥሏል። «አይሆንም» ይበል ብዬ ነው የምጠብቀው። አንዲት ቃል። አይሆንም እማዬ፣ እኔ ነኝ የምፈርመው። ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም፤ ከጎኔ የእማዬ ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፣ ጭራውን ወደ ላይ ሲጠቀልል ሁሉ ይሰማኛል። ወንድሜ የብዕሩን ክዳን መልሶ ገጠመው። ቀጭ አለ።

«እማዬ፣ እከፍልሻለሁ» አለ ከዚያ በኋላ። «ከስድስት ዓመት በፊት እከፍልሻለሁ።»

«አትችልም!» አልኩት። «አሁን ከከፈልካት ራሱ ውል መጣስ ነው! ገጽ አምስት! አንብበው እስቲ አንዴ እንኳ!»

ብዙ ነገር አልኩት። ሲናገሩት የሚያሳፍር ነገር ሁሉ አልኩት። ቆሞ ሰማኝና ደረጃውን ወረደ፤ ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ተነሳ፣ ወለሉም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። አልፈርምም ማለት እችል ነበር። ከእማዬ ፊርማ በኋላ ግን ስሌቱ ትክክል ነው፤ በትርጓሜው መሠረት አንድም ውሸት የለበትም። «ለቤተሰብ አባላት ያለ ዕዳ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ዜሮ ጻፍኩ። የሠራሁት ስሌት ሁሉ እንደዚያች ዜሮ አድርጎ አቃጥሎኝ አያውቅም። ፈረምኩ።

እማዬ የወንድሜን መኪና አልፈልግም አለች። ታክሲ ይዘን አብረን ባንክ ሄድን፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። የብድር መኮንኑ ደብዳቤውን አየ፣ የእማዬን ፊርማ አየ፣ ማኅተም መታበት። «ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ቆንጆ ነው» አለኝ። ልጁ ምን አጠፋ፣ ግን በጥፊ ባልኩት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቤታችን፣ ደረጃው። አንደኛው ፎቅ ላይ አረፈች። የእጅ መደገፊያውን ይዛ ትተነፍሳለች፤ እኔ ሁለት ደረጃ ከላይ ቆሜ እግሬን አወዛውዛለሁ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ዜሮ ነው የጻፍሽው?» አለችኝ።

«ዜሮ ነው።»

«እውነተኛውስ ስንት ነው?»

«አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሰማንያ ሺህ።»

«አትርሺው» አለች። «እኔ ብረሳ እንኳ።»

«አልረሳም እማዬ።»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንደ ሁልጊዜው አልቆመችም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ደነገጥኩ፤ «አመመሽ?» ብዬ ወረድኩ። እጄን ያዘችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከታች የሆነ ሰው በር ዘጋ። እማዬ ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች ግድግዳውን ታያለች።

«ያቺ አረንጓዴ በር ያላት ቤት» አለች።

«እ?»

«ወጥ ቤቷ ጨለማ አልነበረም።»

«አውቃለሁ እማዬ» አልኳት። ቦርሳዋን ተቀበልኳትና እስክትነሳ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።